ምን ይዤ ልምጣ?

ደግሶ የጠራህን ሐበሻ «ምን ይዤ ልምጣ?» ብለህ ብትጠይቀው ሰደብከው ማለት ነው። «ምነው፣ የማበላህ ያጣሁ መሰለህ?» ይልሃል። ስለዚህ ሳትጠይቅ ይዘህ ትሄዳለህ። ባለቤቲቱ በር ላይ «ውይ፣ ምን አስቸገረህ! በባዶ እጅህ ብትመጣ ምን ነበረበት!» እያለች ትቆጣሃለች፤ ቁጣዋ ሳያልቅ ፌስታሉ ከእጅህ ወጥቶ ማድ ቤት ገብቷል። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው አሜሪካ ሲመጣ ግር የሚለው የፈረንጅ ግብዣ ነው። «ቅዳሜ እኛ ቤት ና» ይልህና ገና አመስግነህ ሳትጨርስ ወረቀት ይዘረጋልሃል። ወረቀቱ ላይ ሰላጣ፣ ዶሮ፣ መጠጥ፣ ጣፋጭ፣ የወረቀት ሳህን፣ በረዶ የሚል ተደርድሯል፤ ካንተ የሚጠበቀው ከአንዱ ጎን ስምህን ማስፈር ነው። ፖትላክ ይሉታል። ተጋባዡ ምግቡን ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ተሸክሞ መጥቶ፣ ሲወጣ ጋባዡን «ስላበላኸኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የሚሰናበትበት ድግስ ነው።

እኛ ዘንድ መዋጮ የለም ማለቴ አይደለም። ዕድር አለ፣ ማኅበር አለ። ለቅሶ ቤት እንጀራውን ጎረቤት ይጋግራል፤ ሐዘንተኛ ምድጃ እንዲለኩስ ማንም አይጠብቅበትም። ደስታ ሲሆን ግን ደጋሹ ብቻውን እንዲከስር የተፈረደበት ይመስላል። ፈረንጅ ኪሳራውን ለእንግዶቹ አከፋፍሎታል። ብልህነት ነው፤ አደንቃለሁ፤ መልመድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዳላስና ጋርላንድ አካባቢ ያለን ሐበሾች ሁለቱን ሥርዓት ቀላቅለን ሦስተኛ ፈጥረናል። ልጅ ሲመረቅ ወይም ክርስትና ሲነሣ ደጋሿ «ምንም እንዳታመጡ!» የሚል መልእክት ትልካለች። በዚያው ሰዓት ተጋባዦቹ እሷ የሌለችበት ሌላ ግሩፕ ይከፍቱና ማን ምን እንደሚያመጣ ይከፋፈላሉ። ክፍፍሉ ያልተጻፈ ሕግ አለው። ዶሮ ወጥ በሙያቸው ለተመሰከረላቸው ነው። አልጫና ጎመን ለጀማሪ። ወንደላጤ በረዶና ለስላሳ ያመጣል። ባለትዳር ወንድ ሚስቱ የሠራችውን ተሸክሞ ይመጣል። ጣፋጭ የሚለው መስመር ግን ባለቤት የለውም፤ ጣፋጭ የልጆች ነዋ! እኔ የገባሁት በዚያ ክፍተት ነው። ዶሮ ወጥ ይዞ የመጣን ወንድ ሁሉም ምላሱን ስሎ ይጠብቀዋል። ኬክ ይዞ ለመጣ ወንድ ግን መለኪያ የለም፤ ኬኩ እስካልተቃጠለ ድረስ «እሰይ፣ ባለሙያ!» ይባላል።

ለብዙ ሰው የሚወሰድ ኬክ ግን የመጣው ሁሉ አይደለም። ያ ለሠርግና ለልደት የሚቆመው፣ ተደራርቦ በክሬም አበባ የሚያጌጠው ኬክ ለፎቶ የተፈጠረ ነው። ዳላስን በሚዞረው 635 አውራ ጎዳና ላይ ስትወስደው ሚስትህ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ፍሬን በነካህ ቁጥር ላይኛው ፎቅ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል፤ ኬኩ ቢተርፍ ትዳሩ ይነቃነቃል። በዚያ ላይ የቴክሳስ በጋ ክሬም አይምርም። እንደምንም ቢደርስም ሻማ ካልበራ፣ ካልተዘፈነና ቪዲዮ ካልተቀረጸ አይነካም። ያን ጊዜ ድረስ ሕፃናቱ ከበውት ጠርዙን በጣታቸው ጨርሰውታል።

እኔ ጥብቅና የምቆምለት ኬክ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ፖክ ኬክ ይባላል፤ የኔ ምርጫ ካራሜል፣ ቸኮሌትና ፔካን የሚባል የዛፍ ለውዝ ያለበት ነው። በተጋገረበት ትሪ እንዳለ ይሄዳል። ትሪው 33 በ23 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክዳን አለው፤ መኪና ወለል ላይ ተቀምጦ ማንንም ሳያስጨንቅ ይደርሳል። ገንፎ በልቶ ላደገ ሰው አሠራሩን ማስረዳት አይቸግርም፦ ገንፎ መሐሉ ላይ ጉድጓድ ተበጅቶለት ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፤ ይሄኛው ገና ትኩስ እያለ ዳር እስከ ዳር ይበሳሳና ካራሜል ይጠጣል። ገንፎ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል፤ ፈረንጅ ግን መቆፈር ከጀመረ አያቆምም።

አሜሪካን ያጥለቀለቀው የመጀመሪያው ፖክ ኬክ ግን ካራሜል አልነበረበትም። በ1970ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ነጭ ኬክ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ጄሎ ይፈስበት ነበር፤ የጄሎው አምራችም በማስታወቂያ አስፋፍቶታል። ጄሎ ጄላቲን ነው። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል፤ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ ከአሳማ። ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ አንድ ጠረጴዛ በሚከብበት የኛ ድግስ ላይ ያንን ማቅረብ ሁለት ሃይማኖት በአንድ ማንኪያ ማስቀየም ነው። ካራሜል ይሄ ጣጣ የለበትም። ካራሜል፣ ቸኮሌትና ፔካን አንድ ላይ የመጡት ደግሞ ከከረሜላ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ቺካጎ ያለ ዴሜት የሚባል ጣፋጭ ቤት ፔካኑን በካራሜል አጣብቆ፣ ቸኮሌት አልብሶ፣ የኤሊ ቅርጽ አስይዞ ሸጠው። በዚህ ምክንያት ብዙ ፈረንጆች ኬኩንም በኤሊ ስም ይጠሩታል። ይሄንን ለባለቤቴ እናት አልነገርኳቸውም። ኤሊ የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ ከተነሣ ትሪው አብሮ ነው የሚጣለው።

አሁን ወደ ማድ ቤት እንግባ። ዱቄቱን ከባዶ ተነሥቼ አዘጋጃለሁ የሚል ሰው ካለ አከብረዋለሁ፤ እኔ ተዘጋጅቶ የታሸገውን የቸኮሌት ኬክ ዱቄት ነው የምገዛው። እዚህም ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ድሮ 18.25 ኦውንስ፣ ማለትም 517 ግራም ይመዝን የነበረው ፓኮ ዛሬ አንዳንዱ 13.25 ኦውንስ፣ 375 ግራም ደርሷል። ፓኮው ላይ ያለችው የኬክ ሥዕል ግን አልከሳችም፤ ዋጋውም ሲቀንስ አላየሁም። የደቡብ ግዛቶች የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በየደብተሩ ጽፈው ያቆዩት አሠራር ሁሉ የተለካው በድሮው ፓኮ ነው፤ ትሪው አልጠበበም፤ ስለዚህ ዛሬ በቃላቸው ከሄድክ ኬኩ ይሳሳል፤ ለመብሳትም አይመችም። መፍትሔው ጥቂት ማንኪያ ዱቄትና ኮኮዋ ማከል ነው። ሦስት እንቁላሉና ግማሽ ስኒ ዘይቱ ያው ነው። (ስኒ ስል የፈረንጁን መለኪያ ማለቴ ነው፣ 240 ሚሊ ሊትር። በኛ የቡና ስኒ የሰፈረ ሰው ብስኩት ነው የሚወጣለት።)

ፓኮው አንድ ስኒ ውሃ ጨምር ይላል። ውሃውን በቡና ተካው። ቡና ቸኮሌቱን ያጎላዋል እንጂ ራሱ ብዙም አይሰማም፤ ይህንን ፈረንጆቹም ያውቁታል፤ ግን እነሱ ያደረ ቡና ነው የሚጨምሩት። እኔ ከጀበናው ቶናውን እወስዳለሁ። አቦሉን መንካት አይታሰብም። ቶናውም ቢሆን በሰላም አይወጣም።

«ቡና ከኬክ ጋር ይጠጣል እንጂ ኬክ ውስጥ ይገባል እንዴ?» ይላሉ የባለቤቴ እናት።

«እማማ፣ ቸኮሌቱን ያጠነክረዋል።»

«እንግዲህ የሚመጡትን ሰዎች እንቅልፍ ስትነሳ አንተው ተጠየቅ።»

በ350 ፋራናይት፣ በኛ 177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይጋገራል። ከወጣ በኋላ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይቆይና መብሳት ይጀመራል። የመብሻው መሣሪያ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ነው። ሐበሻ ቤት ያለ ሰው ግን እዚህ ላይ ቆም ይበል። በሐበሻ ማድ ቤት ያለ ማማሰያ ሁሉ ወጥ የሠራ ነው። ዓመት ሙሉ ቁሌት ያማሰለ እንጨት፣ ሺህ ጊዜ ቢታጠብ፣ በእጀታውም በኩል ቢሆን ሽንኩርቱንና በርበሬውን አይረሳም፤ ሞቅ ያለ ኬክ ውስጥ ሲገባማ ትዝታው ሁሉ ይቀሰቀሳል። ለኬክ ብቻ የሚሆን እንጨት ግዛ። ገዝተህም ደብቀው፤ አለዚያ በሳምንቱ ሽሮ ውስጥ ታገኘዋለህ።

ቀዳዳው በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ርቀት ቢሆን ይበቃል። እስከ ታች ድረስ አትውጋው፤ ካራሜሉ ወለሉ ላይ ወርዶ ከያዘ ኬኩን ለማውጣት መሮ ነው የሚያስፈልግህ። በጣም ትኩስ ሲሆን እንጨቱ ላይ ይጣበቃል፤ ከበረደ ደግሞ የሚፈስበትን አይጠጣም። ቀዳዳዎቹ ጠማማ ቢሆኑ፣ አንዱ ጠበብ ሌላው ሰፋ ቢል፣ ጠርዙ ቢፈርስ ግድ የለም። ሁሉም ይሸፈናል። ይህ ኬክ ከሌሎች ኬኮች የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ እጅህን አያጋልጥም።

ካራሜሉን በጠርሙስ የታሸገ ገዝቶ መጠቀም ይቻላል። ራስህ ከሠራኸው ግን ዓይን ያስፈልጋል። ስኳር 160 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ወደ 170 ሲጠጋ ወርቃማ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ለመምረር የሚፈልገው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ስኳር ሲቀልጥ ስልክ አይነሣም፣ ከአዲስ አበባም ቢደወል። ቅቤ የሚጨመርበት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ካሉት ሁለት ቢጫ ዕቃዎች የትኛው ጥሬ ቅቤ፣ የትኛው ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ እንደሆነ አሽትቶ መለየት ያሻል። ኮረሪማ ያለበት ካራሜል ነፍስ ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልተከራከርኩትም፤ ልሞክረውም አልቸኮልኩም።

ሞቅ ያለው ካራሜል 397 ግራም ከሚይዘው የጣሳ ጣፋጭ ወተት ጋር ይቀላቀላል። ይሄን ወተት የሠራው ጌይል ቦርደን ቴክሳስ ውስጥ ጋዜጣ ያሳተመ፣ መሬት የለካ፣ ያልሞከረው ሥራ የሌለ ሰው ነበር። ከወተቱ በፊት ሥጋን ከዱቄት ጋር አድርቆ ብስኩት አደረገ፤ ለንደን ድረስ ወስዶ በ1851 ተሸለመበት፤ ገበያው ግን እምቢ አለውና ከሰረ። ቋንጣ የሚያውቅ ሰው ባማከረ ኖሮ! በ1856 የወተቱን የፈጠራ መብት አገኘ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሰሜኑ ሠራዊት ስንቅ ሆነለት። ጣሳውን እንደታሸገ ቀቅለው ካራሜል የሚያደርጉ ብልሆች አሉ። ውሃው ከጣሳው በታች ከወረደ ጣሳው ሊፈነዳ ስለሚችል እኔ በዚያ ብልሃት የለሁበትም።

ድብልቁን ቀስ እያሉ ማፍሰስ፣ እስኪጠጣ መጠበቅ፣ ደግሞ ማፍሰስ ነው። ከዚያ ፍሪጅ ይገባና ያድራል። ማደሩ ግዴታ ነው። ሌላው ኬክ ሲያድር ይደርቃል፤ ይሄኛው ሲያድር ይርሳል፤ ቅዳሜ ለሚበላ ድግስ ዐርብ ማታ ተሠርቶ ያልቃል፤ ደጋሿ ስትጨነቅ አንተ ገላህን ታጥበህ ትቀመጣለህ።

አሁን ፔካን። ፔካን የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ነጮቹ ሳይመጡ በፊት በወንዞቹ ዳር በቅሎ ነባሩን ሕዝብ ያበላ ዛፍ ነው። ከ1919 ጀምሮ በሕግ የቴክሳስ ዛፍ ሆኗል። በ1906 የሞቱት የቀድሞው የቴክሳስ አገረ ገዥ ጄምስ ሆግ የድንጋይ ሐውልት አልፈልግም፣ ራስጌዬ ላይ የፔካን ዛፍ ትከሉልኝ፣ ሲያፈራም ፍሬውን ወስዶ እንዲተክለው ለሕዝቡ አድሉት ብለው ተናዘዋል። ከፖለቲከኛ ኑዛዜ ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ፍሬው በየመናፈሻው ይረግፋል። ያኔ የባለቤቴ እናትና ጓደኞቻቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ለቀማ ይወጣሉ። ተፎካካሪያቸው የዛፍ ሽኮኮ ነው። ሽኮኮው ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ይጮሃል፤ እማማ ከታች ሆነው «ሂድ ወዲያ፣ አንተ ቀኑን ሙሉ ሥራ የለህም!» ይሉታል።

በእጅ የሚሰበረው ስስ ቅርፊት ያለው ፔካን ግን የሽኮኮም የአገረ ገዥም ሥራ አይደለም። የዱር ፔካን ከዘሩ ሲበቅል እንደ እናቱ አይወጣም፤ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ድንጋይ ነው። በ1846 ሉዊዚያና ውስጥ ኦክ አሊ በሚባለው የሸንኮራ እርሻ ላይ አንትዋን የተባለ በባርነት የተያዘ አትክልተኛ ከአንድ ጥሩ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ 16 ዛፎች ላይ አዳቀለ፤ ሁሉም ያዙለት። ከዚያ በፊት ሞክረው ያልተሳካላቸው ነበሩ። የዛፉ ፍሬ በ1876 በፊላደልፊያው ትልቅ ኤግዚቢሽን ቀርቦ ተሸለመ፤ ዝርያውም ሴንቴኒያል ተባለ። ሰውየው ግን መዝገብ ላይ አንትዋን ብቻ ነው፤ የአባት ስም አልተጻፈለትም። የተዳቀለ ፔካን ለገበያ እንዲበቃ መንገዱን የጠረገው የሱ እጅ ነው። ኬኩ ላይ የምንበትነው ያንን ነው።

አንድ ስኒ የተከተፈ ፔካን ይበቃል፤ ሳይቆላ ግን አይበተንም። ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ቅባት ስለሆነ ሙቀት ሲነካው ሽታው ቤቱን ይሞላል፤ በዚያው ቅባት የተነሣ ውጪ ከተቀመጠ ጣዕሙ ይበላሻልና ማቆያው ፍሪዘር ነው። መቁላት የሚለው ቃል ሲነሣ እማማ ወንበራቸውን ይስባሉ። ኦቨኑን አያምኑትም። የቡና መቁያቸውን አውጥተው፣ እያማሰሉ፣ በጆሯቸው እያዳመጡ ይቆሉታል፤ እኔ በሰዓት ከምለካው የሳቸው ጆሮ ይበልጣል። የጭስ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ባለቤቴ በፎጣ ታራግባለች፤ እማማ ዘወር ብለው አያዩትም። አንድ ቀን ጭሱን እንደ ቡናው ለእንግዶች ሊያዞሩት ሲነሡ ነው የያዝናቸው።

ከላይ የሚቀባው በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው ኩል ዊፕ ነው። በ1966 ገበያ የወጣ፣ ዊልያም ሚቸል የሚባል ኬሚስት የሠራው፤ ሰውየው አፍ ውስጥ የሚፈነዳውን ከረሜላም የፈጠረ ነው። እውነተኛ ክሬም መምታት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ይሻላል። ግን የቴክሳስን ሙቀት የሚችለው የኬሚስቱ ነው። ዕቃውስ? የሐበሻ ፍሪጅ ውስጥ ያለ የኩል ዊፕ ዕቃ ኩል ዊፕ ይዞ አያውቅም። አንዱ አዋዜ ነው፣ አንዱ ንጥር ቅቤ፣ አንዱ ከስድስት ወር በፊት የቀረ ምስር ወጥ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ክዳን ከመክፈታቸው በፊት ተስፋ መቁረጥን ይማራሉ።

ይሄ ሁሉ ተሟልቶ ዋናው ጣጣ የቀን መቁጠሪያው ነው። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ክሬም፤ ኬኩ ከላይ እስከ ታች ፍስክ ነው። ፈረንጅ በብዛት የሚሰበሰበው ደግሞ ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ነው። የምስጋና ቀን ከ1941 ሕግ ወዲህ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ ከ22 እስከ 28 ባለው ይውላል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ኖቬምበር 24 ማለት ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ደግሞ 25። እንግዲህ አንዳንዱ ዓመት የምስጋና ቀን ጾሙን ለጥቂት ያመልጠዋል፤ በ2023 እንዲህ ነበር። በ2024 ግን 28 ዋለና ሐበሻው ተርኪውን እያየ ምስር በላ። የመሥሪያ ቤት የገና ድግስማ መቼም አያመልጥም። ኬኩን ሠርተህ ትወስዳለህ፣ ቆርጠህ ታድላለህ፣ «አንተስ?» ሲሉህ ስለ ነቢያት ለሒሳብ ክፍል ታስረዳለህ።

ለጾመኛ የሚል ሰው «ኖን ዴይሪ» የተጻፈበትን ክሬም ገዝቶ ይመጣል። ጀርባውን ያንብብ። እንዲህ የተጻፈባቸው ብዙዎቹ ውስጥ ከወተት የወጣ ኬዚን አለ። የአሜሪካ ሕግ ስያሜውን ቢፈቅድም የሰፈራችን ቄስ ሕጉን አላጸደቁትም።

መፍትሔው ያለው ራሷ አሜሪካ ከተራበችበት ዘመን ነው። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀትና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ ሲጠፋ ሴቶቹ ያለ ሦስቱም የሚነሣ የቸኮሌት ኬክ ይጋግሩ ነበር፤ «እብዱ ኬክ» ይሉታል። ለዚያው ትሪ ሦስት ስኒ ዱቄት፣ ሁለት ስኒ ስኳር፣ ግማሽ ስኒ ኮኮዋ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ጨው፣ ሁለት ስኒ ውሃ (ቶናው እዚህም ይገባል)፣ ሁለት ሦስተኛ ስኒ ዘይትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ። ኮምጣጤውና ሶዳው ሲገናኙ የሚወጣው አየር ነው የሚያነሣው። ካራሜሉን በኮኮናት ወተት ሥራው፤ ፔካኑ ድሮም ጾመኛ ነው። ፈረንጅ ሳያውቀው የጾም ኬክ ሠርቶልን ኖሯል! በኔ ፍርድ ከፍስኩ ብዙ አይተናነስም፤ እማማ እንደሚሉት ከሆነማ ይበልጣል፤ እሳቸው ግን የጾም የሆነ ሁሉ ይበልጣል ባይ ናቸው።

ድግሱ ላይ የሚሆነውን እንግዲህ አንተም ታውቀዋለህ። መጀመሪያ ማንም አይፈልግም። «ኧረ ጠግበናል!» «በሞቴ!» «ኧረ በማርያም!» ስኳር ያለባቸው አባት በግልጽ ይናገራሉ፦ «እኔ ስኳር አለብኝ። ትንሽ ብቻ ቁረጥልኝ።» ትንሽ ትቆርጣለህ። «እሱማ ለመድኃኒትም አይሆን» ይላሉ። ጉርሻ የሚወድ ሰው ካለ ከትሪው አርቀው፤ ካራሜል እንደ ወጥ በእንጀራ ተጠቅልሎ አይገታም፤ በነጭ ነጠላ ላይ ከወረደ ደግሞ ሁለት ቤተሰብ ያጣላል። ማንኪያና ሳህን አድል። ደግሞ ከትሪው አጠገብ «ፔካን አለበት» የሚል ካርድ አቁም። የዛፍ ለውዝ የማይስማማው ሰው ሊታፈን ይችላል፤ እኛ ደግሞ እንግዳ «አልበላም» ሲል ምክንያቱን ሳንጠይቅ የምናጎርስ ሰዎች ነን። በዚህ ነገር ይሉኝታ አይሠራም።

እህቴ አዲስ አበባ ሆና አሠራሩን ጠይቃኝ ነበር። የአሜሪካ ፓኮ ከፍ ላለ ቦታ የሚሰጠው መመሪያ ብዙውን ጊዜ 6,500 ጫማ ላይ ያበቃል፤ አዲስ አበባ ከ7,500 በላይ ናት። በዚያ ከፍታ ኬክ ቶሎ ተነሥቶ መሐሉ ይሰምጣል። ስኳሩንና ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ዱቄቱንና ውሃውን ጨመር አድርጊ አልኳት፤ ፔካን ካጣሽ የተቆላ ኦቾሎኒ በትኚበት። «ቢሰምጥስ?» አለችኝ። ቢሰምጥ ካራሜሉ የሚጠራቀምበት ቦታ ያገኛል፤ ክሬሙ ይሸፍነዋል።

የሚቀረኝ የትሪው ጉዳይ ነው። ዕቃ ባዶውን አይመለስም የሚለው ባህላችን ለትሪ ጠላቱ ነው። የወሰደው ሰው የሚሞላበት እስኪያገኝ ያስቀምጠዋል፤ ሲያገኝም በዚያው ትሪ ወደ ሌላ ድግስ ይሄዳል። ፈረንጆቹ ይሄን አውቀው ከሥሩ ፕላስተር ለጥፈው ስማቸውን ይጽፋሉ፤ እኔም ጽፌ ነበር። ስለዚህ ጋርላንድና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖቼ፦ ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ ከሥሩ በነጭ ፕላስተር ላይ «የእማማ አማች» የሚል የተጻፈበት ትሪ እጃችሁ ላይ ካለ እባካችሁ መልሱልኝ። ባዶውንም ይሁን፣ አልቀየምም። ለጥምቀት እፈልገዋለሁ።